ባላውን ላስነቀላችሁልን፣ ግድግዳውን ላስቀባችሁን

ለተከበሩ የሰፈራችን የቤት ጉዳይ ኃላፊ
ዲላ

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ጣሪያዎ አያፍስስ፣ ግድግዳዎ አይዝመም፣ አላህ ያክብርልኝ። ከመናኸሪያው በታች ያለን የቀበሌ ቤት ተከራዮች፣ የተረፍነው ማለቴ ነው፣ እጅግ ደህና ነን። እኔ በርበሬና ቅመም የምሸጠው ሀጅራ ነኝ፤ ወሬ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም ይሉኛል። ዛሬ ደግሞ ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1. አነስተኛ ገቢ ያለን ሰዎች የቤት ባለቤት እንሆናለን ብላችሁ የመዘገባችሁን ዕለት እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ቦታውንም ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አፋፉ ላይ፣ በቡናና በእንሰት መካከል አሳያችሁን፤ እንሰቱ እስከ ዛሬ ማንም ሳይነካው እያማረበት ነው። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ የቀበሌ ቤቱን ያደሰ ሰው «የቤት ችግር የለበትም» ተብሎ ተራው እንደሚሰረዝ ስትነግሩን ደግሞ፣ እንዲህ አርቆ የሚያስብልን አለቃ ከየት ይገኛል ብዬ ተደነቅሁ።

2. ወደ ይርጋጨፌ ለቡና የሚያልፉ እንግዶች እንዳይሳቀቁ፣ መንገድ ዳር ያለውን ግድግዳ ከየኪሳችን አውጥተን ግራጫ እንድንቀባ አዘዛችሁን። እድሳት ክልክል፣ ቀለም ግዴታ! ጭቃው ከውስጥ እየረገፈ ቤታችን ከውጭ ሲያዩት ባንክ መሰለ።

3. ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ አልጋነሽ፣ መዝመሙን አይታ በባሕር ዛፍ ባላ ደገፈችው። የእርስዎ ሰዎች መጥተው ባላው «ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ» መሆኑን፣ ካልነቀለችውም ተራዋን እንደምታጣ አስረዷት። በገዛ እጇ ነቀለችው። መልሳ እንድታቆመው ብለምናት ሳቀችብኝ፤ «ሀጅርዬ፣ የቤቴን ቁልፍ ልያዝ እንጂ ይህን ግድግዳ እኔው በእርግጫ እጥለዋለሁ» አለችኝ። የሚያዝያ ዝናብ ቀደማት። ልጇ ሉሊት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ተረፈች፤ እናቷ ግን ከግድግዳው ሥር ተኝታ ነበር። ቀለሙ ሳይላጥ ነው የወደቀው፤ ጥራቱን ሳላደንቅ አላልፍም።

4. በዚያው ባላ የለቅሶውን ድንኳን አቆምንበት። ለዚያ ፈቃድ አምጡ ስላላላችሁን ሰፈሩ በሙሉ ያመሰግናል።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ይህቺን ደግሞ ያለ ቀልድ ያንብቡልኝ። የአልጋነሽ ተራ ለልጇ ይተላለፍ። ሉሊት ገና ትምህርት ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ ልጅ ናት፤ እናቷ ትታላት የሄደችው አንድ ነገር ቢኖር ያ ተራ ነው፤ የሞተችውም እሱን ላለማጣት ነው።

ለወንበርዎ ጽናት፣ ለቢሮዎ ግድግዳም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በወደቀው ግድግዳ ፈንታ ሸራ ጋርጄ የምኖር
አክባሪዎ
ሀጅራ ኡስማን

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ሉሊት ቀድማ ላስገባችው ማመልከቻ ከቢሮዎ መልስ መጣልን። ሉሊት እኔ ዘንድ ስለምታድር «መጠለያ አላት» ተብላ ተራው አይገባትም አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማስጠጋቴ ጎዳት። እንግዲያው ተቆጣጣሪዎ የሚመጣበትን ቀን ብቻ ያሳውቁኝ፤ ልጅቷን ፍራሿን አሸክሜ ደጅ አቆማታለሁ። ዝናብ ያለበት ቀን ቢሆን እመርጣለሁ፤ ችግሯ ጥርት ብሎ እንዲታያችሁ።