ለረምዚ የተቀቡ ዓሦች

ይድረስ ጅቡቲ ባሕር ላይ ዓሣ ለሚያጠምደው ወንድሜ ለረምዚ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። እማዬም እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ዓሣ የምታታልልባቸውን ትናንሽ ዓሦች ከቀለጠ እርሳስ ሠርቼልሃለሁ። እያንዳንዱን በእሳት አግዬ ነጭ የዱቄት ቀለም ውስጥ ነከርኩት፤ ጀርባው ላይ አረንጓዴ ነስንሼ ቀለሙ ቀልጦ እንዲይዝ ወደ ምድጃው መለስኩት። ጎረቤቱ ሁሉ «ባሕር በሌለበት ሐረር?» እያለ ይስቃል። ይሳቅ!

ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሾፌር ባለፈው የላክሁልህን ጥቅል እንደታሰረ መለሰው፤ ደህና አድርጎ አልፈለገህም። ስደውልልህ «ስልኩ ጠፍቷል» የምትለዋን የቴሌ ሴትዮም አላምናትም።

አረንጓዴው ለዒድ የቀባነውን ግንባችንን ይመስላል። ዓሣው ባይወደው ግድ የለኝም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ሾፌሩን «በእጁ ስጠው» ብዬዋለሁ። ደግሞ ይዞት ቢመለስ፣ ሌላ የምሠራበት እርሳስ አላለቀብኝም።

የእማዬ ዱዓ አይለይህ፤ ወሰላም።

እህትህ ነጅማ