ጣራዬ የተራመደ ለት

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ገመዱ በአልጋዬ መሃል አለፈ። የእድራችን ሰዎች ከሰይድ ሱቅ እስከ ጎረቤቴ እስከ ሙሉ ደጃፍ ወጥረውት ሲያበቁ፣ ባጃጅ እንዲገባ በሚከፈተው መንገድ ላይ የቆመው ቤት የእኔ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ የንፋስ መውጫ ከተማ ጠርዝ ማንም መሬቱን ሳያስለካ እንዳሻው የሠራበት ሰፈር ነው። ጠማማነቱን ስነቅፍ ኖሬ ዋናዋ ጠማማ እኔ ሆንኩ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ሙሉ አጠገቤ ቆማ ነበር። አምና ክረምት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ሲያወጧት፣ ቃሬዛው በቤቴ ማዕዘን አልዞር አለ። ባጃጁ ከታች እየጠበቀ ልጇ ሞቶ ተወለደ። አሁን ደግሞ ወሯ ገብቷል።

የእኔ ጭንቀት ቆርቆሮው ነው። አሮጌ ነው፤ ሚስማሩ ከተነቀለ ወንፊት ይሆናል። ክረምቱን የት ልገባ ነው?

"አናፈርሰውም። ጣራውን ተሸክመን ወደ ጓሮ እንወስደዋለን" አለ የእድሩ ዳኛ አያሌው። የስማዳ ሰው ነው፤ በአገሩ የጎጆ ክዳን እንዲህ ያዛውራሉ አሉ።

"ይህ ሣር አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው" አልኩት።

"አንቱ ብቻ ዕቃዎን ያውጡ።"

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

አዲሶቹ ቋሚዎች ጓሮዬ ውስጥ ተተከሉ። ጌሾዬ ተነቀለ፤ ቻልኩት። አንዱ ቋሚ አዘንብሎ ሳይ ግን አልቻልኩም፤ አስነቅዬ እንደገና አስተከልኩት። እኔ የተማርኩት መስመር ያጣመመ ልጅ ጣቱን በማስመሪያ በሚመታበት ዘመን ነው። ዓይኔ ከዚያ ወዲህ አላረፈም።

"እማማ ዘውዴ እያሉ ውሃ ልክ ምን ያደርግልናል?" ብሎ ሰይድ አሳቀብኝ። ገመዱን የሰጠ እሱ ስለሆነ አልተቀየምኩም።

ማምሻውን ግድግዳዎቹን አፈረሱ። ጣራው በአሮጌዎቹ ቋሚዎች ላይ ብቻውን ቀረ። ዛሬ የማድረው ሙሉ ዘንድ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል ነው፤ ሥራ የሚነካ የለም። ደግ፣ በዓል ይከበር። ግን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሙሉም ወገቧን ይዛ ቤት ውስጥ ስትመላለስ ዋለች።

"ዛሬ አይደለም እማማ፣ አይፍሩ" ትለኛለች። እሷ እኔን ታጽናናለች! ቅዱስ ሚካኤልን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ መንገዱ እስኪከፈት እንዲያቆያት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ዛሬ ቢጣመም ይጣመም።

ጭቃው እንዳያዳልጥ ጭድ በተኑ። ወንዶቹ ባላ ባላቸውን ይዘው ከጣራው ወራጅ ሥር ዙሪያውን ቆሙ። ቤተ ልሔም ገዳም ዜማ የተማሩት መሪጌታም ጥምጥማቸውን አስቀምጠው ገቡ፤ ሰይድ ከጎናቸው።

"መሪጌታ፣ በዜማ ነው የሚያነሱት በጉልበት?" አላቸው።

"አንተ ብቻ ሚዛኑን እንደ ሱቅህ አታጉድል" አሉት።

አያሌው "ሆ!" አለ። ጣራዬ ተነሳ።

በቋሚዎቹና በጣራው መካከል ሰማይ ገባ። ማውረድ የረሳሁት ሰፌድ ከወራጁ ላይ ይወዛወዛል። ብዙ እግር ያበቀለ ቤት፣ እንደ ሽማግሌ እየመረጠ እየረገጠ፣ ወደ ጓሮ ሄደ። ሴቶቹ እልልታውን ረስተው አፋቸውን ይዘው ቀሩ። እኔም "ቀስ!" እያልኩ ከኋላ ከኋላው ተከተልኩ። እግዚአብሔር እስከዛሬ ያቆየኝ ይህን ሊያሳየኝ ኖሯል? ጣራው በአዲሶቹ ቋሚዎች ላይ ሲያርፍ አንድ ሚስማር እንኳ አልላላም።

ገመድ ይዤ ዞርኩት። ስህተት ፈልጌ አጣሁ። ማምሻውን አሮጌዎቹን ቋሚዎች ነቅለው መንገዱን ከፈቱ።

አርብ፣ ሰኔ 14

ግድግዳ ስለሌለኝ ሰሌን ሰቅዬ አደርኩ። ገና ሳይነጋ የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ። ሙሉ! ሰሌኑን ገልጬ አየሁ። ባጃጁ እስከ ደጇ ዘለቀ፣ አዙሮ ይዟት ወጣ። በቀድሞው የቤቴ ማዕዘን ሲያልፍ ነጂው ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም።

ቀኑን ሙሉ ወሬ የለም። ለምርጊቱ ጭቃ እያስረገጥኩ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነው። አያሌው ሲያናግረኝ ነበር መሰለኝ፤ ምን እንዳለኝ አላውቅም።

አሁንም ወሬ የለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ሰንበት ስለሆነ ሥራ የለም። አያሌው ግን ስለ ሰኞ ሊያማክረኝ መጥቶ ቆሞ ሳለ ባጃጁ ተመለሰ። ዛሬ ቀስ እያለ ነው። ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች።

"እማማ፣ ይዩዋት እንጂ!"

ሴት ልጅ ናት። ትተነፍሳለች። ቀድሞ አልጋዬ በነበረበት ቦታ ላይ አልፋ ቤቷ ገባች።

"ታዲያ ሰኞ ከየትኛው ግድግዳ እንጀምር?" አለኝ አያሌው።

"ከኋላው" አልኩት። "የፊቱ፣ የመንገዱ በኩል፣ ትንሽ ይቆይልኝ።"