የሞምባሳው ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ሞምባሳ

«ጋሼ፣ ስልክህን ስጠኝ። ዛሬ የአሶሳ ወሬ የለም። ዛሬ ባሕር ብቻ።»

ቃል በቃል ይኸው ነው። ሙዳሲር፣ ቁርስ ላይ። አንድ ቢሮ ውስጥ ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ደፍሮኝ አያውቅም። ስልኬን ከጠረጴዛው አንሥቶ ኪሱ ከተተው። ምክንያቱ? የእኔ ካሜራ ከእሱ ይሻላል፣ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሊያነሳኝ ነው። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ... እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነበር፣ ተውኩት።

ሥልጠናው ትናንት አልቋል። ስለ ማንጎ ተባይ ሳምንቱን ሙሉ በስክሪን ሲያሳዩን ከርመው አንድ የታመመ ቅጠል እንኳ እጃችን ላይ አላስቀመጡልንም። ለዚህ ነው ድንበር የተሻገርነው? አውሮፕላናችን ነገ ነው። ዛሬ ተኝቼ ላነብ ነበር። ሙዳሲር እንቢ አለ። ምሽግ አለ፣ የድሮ ወደብ አለ፣ ጀልባ አለ...

ባጃጅ ተሳፈርን። ከአሶሳ እስከዚህ መጥቼ ባጃጅ! ሹፌሩም እንደኛዎቹ ነው፣ አንድ ጉድጓድ አይስትም።

የድሮው ሰፈር ግን ያምራል። እውነቱን ልጻፍ እንጂ። መንገዱ ጠባብ፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ ይነካካል። በሮቹ ወፍራም ጣውላ፣ ዙሪያቸውን አበባ የተቀረጸባቸው። በየደረጃው ድመት። ሙዳሲር ደጁ ላይ ከተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጋር በአረብኛ፣ ግማሽ ግማሽ፣ ተግባባ።

«እነዚህ የእኛ ዘመድ ነው ጋሼ፣» አለኝ።

«አንተ ዘመድ የማታገኝበት አገር የለም። ሪፖርት ሲጻፍ ግን ብቻዬን ነኝ፣» አልኩት።

ሌላ ጊዜ መልስ አያጣም። ዛሬ ቀድሞኝ መንገዱን ቀጠለ።

ምሽጉን አየን። ፖርቱጋሎች የሠሩት። ግንባታው ስንት ዓመት ፈጀ ብዬ አስጎብኚውን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት፣ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጠኝ። ሦስተኛ ስጠይቀው «ጌታዬ፣ ፖሊስ ነህ?» አለኝ። ሙዳሲር ስለ እኔ ይቅርታ ጠየቀው። ማን ይቅርታ ጠይቅልኝ አለው?

ምሳ ዓሣ። ምግቡ ሳይመጣ ሙዳሲር ስልክ ተደወለለትና ወጣ። ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ከማዕድ ቤቱ የሚወጣው ጭስ ነው አለ። ከዚያ እሾሁን እየለቀመ ሥጋውን ወደ እኔ ሳህን ያደርግ ጀመር።

«እጄ አልተቆረጠም እኮ።»

«መዓሌሽ ጋሼ፣ ምንም አይደል። ብላ።»

እሱ አልበላም። ጨጓራ።

ከምሳ በኋላ ጨርቅ መደብር ገባን። እዚህ ሴቶቹ የሚያገለድሙት ደማቅ ጨርቅ አለ። ለእናቴ ልገዛ ፈለግሁ፣ በዚያ ዕድሜዋ ደማቅ ነገር ትወዳለች። ቀዩ ይሻላል ወይስ ቢጫው ብዬ ዞር ስል ሙዳሲር የለም። ውጭ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ጠራሁት። «ለራስህ ነገር ግዛ ጋሼ፣» አለኝ። ለእናቴ ብገዛ እሱ ምን አገባው? ቀዩን ገዛሁ።

ወንድሜ ሰራዊት የእናቴን ኪኒን በሰዓቱ እየሰጣት ይሆን? ልመጣ ስል መንደር ድረስ ወርጄ በእሷ ፊት ሦስቴ አስደግሜዋለሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። የልብ መድኃኒት ነው፣ የሚረሳ ነገር አይደለም። እሱ ግን ከማሽላው ሌላ ምን ያስታውሳል?

ወደ ማምሻው ጀልባ። ማዕበል መጣና ከአናቴ እስከ ጉልበቴ አጠበኝ። ሳቅሁ። እንዲያው ሳቅሁ። ባለጀልባውም ሳቀ። ሙዳሲር ፎቶ አነሳኝ። እንዲህ የሳቅሁት መቼ ነው? አላስታውስም...

ጥሩ ቀን ነበር። መጻፉ ደስ አይለኝም፣ ግን ጥሩ ቀን ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 7፤ አዲስ አበባ

ስልኬ ውሃ ገብቶበታል አለኝ ሙዳሲር፣ በትናንቱ ማዕበል። ሩዝ ውስጥ ከትቶታል። አንድ ስልክ መያዝ ያቃተው ሰው! እናቴ ጋ ልደውል፣ ያንተን ስጠኝ ብለው ካርድ የለኝም አለ። ግዛ አልኩት። ወጥቶ ሱቅ ዘግቷል ብሎ ተመለሰ። የትኛው ሱቅ ነው በዚህ ከተማ በዚህ ሰዓት የሚዘጋ? ሰደብኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ አሶሳ

እናቴ ሞታለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ እስክሪብቶ መያዝ ቻልኩ።

አየር ማረፊያው በር ላይ ሰራዊት ቆሞ ነበር፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ከኋላው የዕድሩ ሰዎች። ማንም ምንም ሳይለኝ አወቅሁ። ሙዳሲር ከኋላዬ ክንዴን ያዘኝ፣ እንዳልወድቅ። አልወደቅሁም። እጁን አራገፍኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው ያረፈችው። በዚያው ቀን በአሥር ሰዓት ቀበሯት። በአሥር ሰዓት እኔ የት ነበርኩ? ጀልባው ላይ።

ልማድ ነው ይሉኛል። ሰው አገር ላለ ሰው በስልክ አይረዳም፣ ብቻውን ይደነግጣል። አምጥተው፣ ዘመድ ሰብስበው ነው የሚያረዱት። አውቃለሁ! ለስንቱ ሰው ራሴ አድርጌዋለሁ። ነገር ግን አስጎብኙት ያለው ማነው? ዓሣ አብሉት፣ ጨርቅ ሲመርጥ ከውጭ ጠብቁት፣ ባሕር ላይ አስቁት የሚለው የየትኛው አገር ልማድ ነው?

ስልኬ ጤነኛ ነው። ጠብታ ውሃ አልነካውም። ፎቶዎቹን አየሁ። በመጨረሻው ላይ እኔ ነኝ፣ ሸሚዜ ደረቴ ላይ ተጣብቆ፣ ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ። ልሰርዘው ጣቴን አሳረፍኩበት... አልሰረዝኩም። ይቆይ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሙዳሲር ለቅሶ መጣ፣ ከሚስቱ ከሳና ጋር። ሳና ወደ ጓዳ ገባች፣ እሱ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ።

«አስጎብኚው መጣ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ ጋሼ።»

«ዛሬስ ወዴት ልትወስደኝ ነው? ጉባ? ግድቡን ልታሳየኝ? ካሜራ ይዘሃል?»

የሰራዊት ሚስት ብሪቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «ኧረ ጋሼ፣ በመድኃኔዓለም!» አለች።

«አንቺ ዝም በይ! ይህ ሰውዬ እናቴ ስትቀበር ፎቶ ሲያነሳኝ ነበር። እሾህ ሲለቅምልኝ ነበር። አንተ፣ እንዴት አስችሎህ ፊቴን አየኸው?»

«አላስቻለኝም፣» አለ ሙዳሲር። «ምግብ አልወረደልኝም። አንተ እያየኸኝ ነበር።»

«ውጣ።»

አልወጣም። ወንበር አጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰው ሲመጣ ተነሥቶ ቦታ ያሳያል፣ ውሃ ያቀብላል። እስኪመሽ። ሽማግሌዎቹ ከእኔ ይልቅ ከእሱ ጋር ተቀመጡ። ያስተዛዝኑታል። እሱን! የሞተችው የማን እናት ናት?

እሑድ፣ ኅዳር 14

እንቅልፍ እንቢ አለ። አንድ ነገር አልገባኝም። ስልኬን የወሰደው ቁርስ ላይ ነው። እሷ ያረፈችው ረፋድ ላይ... ታዲያ ቁርስ ላይ ምን ያውቅ ነበር?

ሙዳሲር ቤት ሄድኩ። ቁጭ በል አለኝ። ቆሜ ጠየቅኩት።

«ሰራዊት ስንት ጊዜ ነው የደወለልህ?»

«ሁለቴ። መጀመሪያ ጠዋት። እናታችን ደክሟል፣ አትንገረው፣ ቀኑን በሆነ ነገር አሳልፈው አለኝ። ቀጥሎ ምሳ ላይ ደወለ። ኸላስ አለኝ፣ አለቀ።»

«ስልኬን ስትወስድ...»

«በሕይወት ነበረ ጋሼ። እናትህ በሕይወት ነበረ።»

ሳና ሻይ ይዛ ገብታ ነበር፣ ተመልሳ ወጣች።

«ወላሂ፣ ላገናኛችሁ ብዬዋለሁ። ድምፁን ትስማ አልኩት። ሰራዊት እንቢ አለ። ለምን እንደሆነ እሱን ጠይቅ።»

ይህ ልማድ አይደለም። የሚደበቀው የሞተ ሰው ነው። ሬሳ ነው የሚደበቀው እንጂ የምትተነፍስ እናት አትደበቅም። እኔ እዚያ እንቁላል እየበላሁ፣ ስልኬ ክንዴ ሥር... አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «እማዬ» ብላት ይበቃት ነበር። ሰረቁኝ። ሁለቱም ሌቦች ናቸው፣ ዋናው ሌባ ግን ወንድሜ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

መንደር ወረድኩ። ሰራዊት ማሽላ እያጨደ ነው። እናቱን ቀብሮ ሳምንት ተኩል፣ ማሽላ!

«በሕይወት እያለች ለምን አላገናኘኸኝም?»

ቀና አለ፣ አየኝ፣ ተመልሶ አጎነበሰ። «ተወው ወንድም ጋሼ።»

አልተውኩትም። ያልኩትን እዚህ ልጻፈው፣ አልክድም። ገደልካት አልኩት። አባታችን ከወሎ እዚህ ድረስ አንተን በጀርባው ያዘለበትን ቀን እግዜር ይርገመው አልኩት። ያልተማረ ሰው እናት አይጦርም አልኩት። ከጎን ማሳ ላይ የነበሩት ሥራ አቁመው ይሰማሉ። ይስሙ!

ማጭዱን መሬት ጣለ።

«እሷ ናት።»

«ምን?»

«እንቢ ያለችው እሷ ናት። ሌሊቱን ሲያጣድፋት አድሮ ጠዋት ልደውልልህ ስልክ ሳነሣ እጄን ያዘችኝ። ‹ጎሹን አትጥራው። ይቆጣል› አለች።»

«ውሸታም።»

«ኪኒኑን ሁለት ቀን ረስተነው ነበር። እኔ ማሳ፣ እሷም እርጅና ነው፣ ረሳች። መጀመሪያ የምትጠይቃት ስለ ኪኒኑ ነው ብላ ነው። ‹ምን ብዬ እመልስለታለሁ?› አለች። እንግዲህ ምን ላድርግ? እስትንፋሷ እያጠረ በጥያቄ ላስጨንቃት? በሰላም ትሂድ ብዬ ነው።»

«ውሸታም ነህ!»

«እሺ፣ ውሸታም ነኝ፣» አለ። ማጭዱን አንሥቶ ቀጠለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አልቆጣም ነበር። በዚያ ሰዓት የሚቆጣ ሰው አለ? እንዴት ነሽ እማዬ ነበር የምላት። ደግሞ... ኪኒንሽን ወሰድሽ ወይ?

ይህ ቁጣ ነው? ጥያቄ እኮ ነው።

ሰራዊት ፈጥሮት ነው። የራሱን ጥፋት በሞተ ሰው አፍ... ግን ሰራዊት መፍጠር መቼ ይችላል? በልጅነቱም አንዲት ውሸት መዋሸት አይችልም ነበር። ፊቱ ይነግርበታል። ማሳው ላይ ፊቱን አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ቢሮ ሰው አልነበረም። ተቀምጬ ለሰራዊት ጻፍኩለት። አራት ጊዜ ቀደድኩት። የመጀመሪያዎቹ ላይ ስድብ ነበረበት። የመጨረሻው ላይ የለም። በሙዳሲር እጅ ላክሁት፣ ሰኞ በመንደሩ በኩል ያልፋል። ምንም ሳይጠይቀኝ ተቀበለኝ። የላክሁት ይህን ነው፦

«ሰራዊት፣ ማሳ ላይ ቆመን የተነጋገርነው አይበቃኝም። የሚከተለውን በጽሑፍ መልስልኝ። ብሪቱም ካየችው የየራሳችሁን ጻፉ፣ አትመካከሩ።

እማዬ ‹አትጥራው› ካለች በኋላ ስሜን ዳግመኛ ጠርታ ነበር? ጠርታ ከሆነ ምን ብላ?

እጅህን ስትይዝህ እጇ ጉልበት ነበረው?

‹ይቆጣል› ስትል ፊቷ እንዴት ነበር? ስለ አባታችን ስታወራ እንደምታደርገው ፈገግ ብላ ነው ያለችው? ወይስ ፈርታኝ ነበር? ይህን አሳጥረህ እንዳትጽፍብኝ። እኔን ለማስደሰትም እንዳትጽፍ። እንዳየኸው።

በስልክ ብትደውል አላነሣም። መልሱን ከአርባዋ በፊት እፈልገዋለሁ፣ እስከ ታኅሣሥ 14 ድረስ፣ በጽሑፍ።»