ውሃ የማይጠጣባት መስኮት

ውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ባለቤትሽስ፣ አማትሽስ ደህና ናቸው? ትንሿስ መራመድ ጀመረች ወይስ አሁንም በቂጧ ነው የምትንፏቀቀው? እኔ ዛሬ ደህና ነኝ። ዛሬ ማለቴ ባለፈው ሳምንት ደህና ስላልነበርኩ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ቀድመው የሚያነሱት አማትሽ ናቸው፤ ስለዚህ ይሄን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የእኔም ነገር ሥሩ አግብተሽ ስትሄጂ ያወረስሽኝ የትኬት መስኮት ነው። መናኸሪያው አልተለወጠም። ሰልፉ ያው ነው፤ ሽንት ቤቱም ያው ከጋራዡ ጀርባ ነው፣ መቀርቀሪያ የለውም፣ መካኒኮቹም ደጁ ላይ ተቀምጠው ትኬት ቆራጯ ዛሬም መጣች ይላሉ። እኔም ወንበሩን ስታስረክቢኝ የነገርሽኝን ደንብ አጥብቄ ያዝኩ፤ ጠዋት ደረቅ ዳቦ፣ ውሃ ደግሞ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ። አንቺም ይሄን የተማርሽው ካንቺ በፊት ከነበረችው ነው። ጎበዝ ተማሪ ወጣሁልሽ።

ከዚያ ሽንቴ ያቃጥለኝ ጀመር። ሮጬ ሄጄ ጠብታ ነው፤ ተመልሼ ሳልደላደል ደግሞ ይመጣል። ተሳፋሪው መስኮቱን ያንኳኳል። አንድ ሽማግሌማ ልጄ፣ ከአውቶብሱ ይልቅ አንቺ ትመላለሻለሽ አሉኝ። ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ከራሷ የተረፈ ክኒን ሰጠችኝ፤ ትንሽ ሲሻለኝ አቋረጥኩት። ብሶበት ተመለሰ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ የሚያወጣው ሰውዬ ምንሽን ነው የሚያምሽ አለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሽንቴን ስለው፣ አግብተሻል ወይ ብሎ ጮኸ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በሙሉ ጆሮ ሆነ። ተሳስቼ ነው፣ ጥርሴን ነው ብዬው ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አንቺ ብትሆኚ ትስቂብኝ ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

በማግስቱ ትኩሳቱ አነደደኝ፣ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር፣ ጎኔን ከወገቤ በላይ በጩቤ የሚወጉኝ መሰለኝ። ሽንቴም ደም ቀላቀለ። ፈራሁ፣ እታለም። ልብስ ሰፊዋ ደግፋኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተመልሼ ሄድኩ።

ሐኪሟ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። መጀመሪያ በሩን ዘጋች። ሽንቴን አስመርምራ የፊኛ ኢንፌክሽን ነው፣ ስለዘገየሽ ወደ ኩላሊት ወጥቷል አለችኝ። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ወንድ አጠገቤ ደርሶ አያውቅም ብዬ ቀባጠርኩ። ላገባችም ላላገባችም ይመጣል፣ ሴቶችን ቶሎ የሚይዘው በተፈጥሯችን ነው፣ ማንም ሊያፍርበት አይገባም አለችኝ። ውሃ ጠጪ፣ ሽንትሽን አትያዢ፣ ቢሻልሽም መድኃኒቱን ጨርሺ አለች። ቀጥላ ውሃ አትጠጪ ያለሽ ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አላለኝም፣ ከራሴ ነው አልኳት።

የምጽፍልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ባለፈው ስመጣ ውሃ ቀድቼ ስሰጥሽ ከንፈርሽን ብቻ አርሰሽ አስቀመጥሽው። ከጓሮ ስትመለሺም ግድግዳውን ይዘሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ቆመሽ ነበር። ብርድ ነው፣ ከያዘኝ ዓመት ሆኖታል አልሽኝ። አማቴ ምን ይላሉ፣ ባሌ ምን ይጠረጥራል ብለሽ ሆድ ይፍጀው እንዳልሽ አሁን ገባኝ። ሐኪሟን ሰው ዓመት ሙሉ እንዲህ ቢከርምስ አልኳት። ሳትውል ሳታድር አምጪያት አለችኝ። ማን እንደሆነች አልነገርኳትም።

አርብ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ በመጀመሪያው አውቶብስ ነይ። ለቤቱ ሰው ታናሼ ታማ ላሳክማት ነው በያቸው። ካርዱ ጋ እኔ እናገራለሁ፤ ሰውዬው ቢጮህም ለእኔ ይጩህ። ሐኪሟ ዘንድ ስንገባ ግን ወንበሩ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።

ትንሿን ሳሚልኝ። ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ጤናሽን ይመልስልሽ። ይማርሽ፣ እታለም።

በሽተኛዋ ታናሽሽ