ስለ እናቴ ደረጃና ስለ መሥሪያ ቤትዎ ሜትር

ለተከበሩ የግንባታ ቁጥጥርና ደንብ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና በሥርዎ ላሉት ታታሪ ባለሙያዎች ሁሉ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። በተለይ ለጉልበትዎ። ጉልበት ካላመመ በቀር ትዝ የማይል የአካል ክፍል ስለሆነ፣ የእርስዎ ጉልበት እስከ ጡረታዎ ድረስ ትዝ ሳይልዎት እንዲኖር ምኞቴ ነው።

እኔ ከአዲሱ መንገድ ዳር፣ የፊት ክፍሉ ልብስ ስፌት፣ የኋላው መኖሪያ በሆነ ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። እርስዎ ግን በመዝገብዎ የሚያውቁኝ «ሕገ ወጥ ግንባታ ያካሄደ ግለሰብ» በሚለው ማዕረግ ነው። ግንባታው አንድ ደረጃ ነው። አንድ ስል ትሕትና አይደለም፤ ቁጥሩ ነው። ይህ ደረጃ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንዲፈርስ ጽሕፈት ቤትዎ ስለወሰነ፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን ከዚያ በፊት በአደባባይ ላቀርብልዎት ወደድሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

አንደኛ፣ ስለ መንገዱ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ዝናብ ሲጥልም ውኃ አይተኛበትም። ሲሠራ ግን መሬቱ ተቆርጦ ዝቅ በማለቱ፣ የቤቴ በር ከመንገዱ በላይ ሃምሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቀረ። እንዲህ ሳልደክም የፎቅ ቤት ባለቤት ሆንኩ። ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ፣ ወደ ቤቴ ለመግባት እግሩን ሲሰቅል የለበሰው ሱሪ የተተረተረበት ደንበኛ ስላለኝ፣ መንገዱ ገበያ አላመጣልኝም ብዬ አልዋሽም። መንገዱን ለሠራው መሥሪያ ቤት አቤት ብል ግን «ነዋሪው ከአዲሱ የመንገድ ከፍታ ጋር ራሱን ያጣጥም» የሚል መልስ ከነማኅተሙ ደረሰኝ። እንግዲህ ደረጃው ያ ማጣጣም ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት አጣጥም ያለኝን ሌላው አፍርስ ሲለኝ፣ እኔ ለሁለቱም ታዛዥ ነኝ፤ የቸገረኝ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መታዘዙ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ እናቴ። እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት፤ ሰው ሳታናግር ከዋለች ያማታል። መንገዱ ዝቅ ካለ በኋላ ግን ጉልበቷ ያን ያህል ቁልቁል መርገጥ ስላልቻለ፣ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ከቤት አልወጣችም። አዝዬ ላውርድሽ ስላት «አገር ያገናኘሁ ሴት እንደ ጨቅላ ታዝዬ አልወጣም» ብላ ተቆጣችኝ። ወንበሯን በሩ ላይ ታደርግና አላፊ አግዳሚውን ከላይ ሆና ስትጣራ ትውላለች፤ ሰውም ቀና ብሎ እጁን አውለብልቦ ያልፋል። እየቆየች መጣራቱን ተወችው። ወንበሯንም ወደ ውስጥ መለሰችው። ያን ጊዜ እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ።

ስለዚህ ጎረቤቴ ግንበኛውና ጓደኛው በያጁ በአንድ እሑድ ቀን ተባብረው፣ ወደ መንገዱ ሃያ ስምንት ሴንቲ ሜትር የወጣች አንዲት ደረጃ ከነብረት መደገፊያዋ ሠሩልኝ። ሲሚንቶው በደረቀ ማግሥት እናቴ መደገፊያውን ይዛ ወረደች። ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ ሳሙና ገዝቼ ልምጣ ብላ ወጥታ የተመለሰችው አራት ሰዓት ተኩል ያህል ቆይታ ነው። ሱቁ ከቤታችን ሰባ እርምጃ ነው፤ የቀረው ጊዜ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ውዝፍ ወሬ ነበር። ስትገባ ፊቷ በርቷል፣ ሳሙናውን ግን እዚያው ረስታዋለች። እኔም የስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ አለቀስኩ፤ ይህን በአደባባይ ስጽፍም አላፍርበትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ባለሙያዎችዎ ትጋት። ለአንዲት ደረጃ ሦስት ሰው በመኪና መላክዎ የማልጠብቀው ክብር ነበር። አንደኛው ሜትር ያዥ፣ ሁለተኛው መዝጋቢ፣ ሦስተኛው ፎቶ አንሺ ናቸው። ሜትር ያዡን ሰፈሩ «ሴንቲ» ይላቸዋል፤ ቅጽል ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ ቢሆንም በደስታ እጠቀምበታለሁ። እናቴ እንግዳ ትወዳለችና ወንበር አቅርባ ተቀበለቻቸው። ሴንቲ በትሕትና «እማማ፣ ደንቡ ያለ ፈቃድ የሚፈቅደው እስከ ሠላሳ ነው፤ የእርስዎ አርባ ሆኗል» ሲሏት፣ «ልጄ፣ አሥሯን ከየት አመጣኋት ትላለህ? እስቲ ደግመህ እያት» አለቻቸው። ደግመው አላዩም እንጂ ሲሄዱ ጉንጯን ስመው ነው የሄዱት። በዚህ ረገድ አንዳች ቅሬታ የለንም።

አራተኛ፣ ስለ ሜትሩ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ስለ ዕድሜው፣ ስለ ገቢው፣ ስለ ወገቡ ቢዋሸኝ እሺ ብዬ አልፋለሁ፤ ስለ ሴንቲ ሜትር ግን ዓይኔ አይታለልም። ስለዚህ ሴንቲ ያንን የብረት ሜትር ከኪሳቸው ሲመዙት፣ ጫፉ ተሰብሮ የቀረው ከአሥራ ሁለት ቁጥር ጀምሮ መሆኑን ወዲያው አየሁ። እርሳቸው የተሰበረውን ጫፍ ከግድግዳዬ ጋር አስጠግተው፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ቁጥር ጮክ ብለው ያነባሉ፤ መዝጋቢውም ይጽፋሉ። ሃያ ስምንቷ አርባ የሆነችው በዚህ ጥበብ ነው። የራሴን ሜትር አውጥቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጌታዬ፣ ሜትርዎ መጀመሪያ የለውም» ብላቸው፣ «ይህ ቁጥር ተሰጥቶት የተመዘገበ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ አራት ዓመት ሠርተንበታል። የእርስዎ ሜትር የት ተመዘገበ?» ብለው ጠየቁኝ። የእኔ የትም አልተመዘገበም። አፈርኩና ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

«አራት ዓመት» የምትለዋ ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ሥራ አላሠራችኝም። ጸጉር አስተካካዩ «ወደ መንገድ ወጥቷል» ተብሎ የተነቀለበትን የማስታወቂያ ሰሌዳ አስታወስኩ። ጫማ ጠጋኙ ያፈረሰውን የቆርቆሮ ጥላ አስታወስኩ። ጡረተኛዋ ነርስ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ያስገባችውን አጥርም እንዲሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ እኔ ግን ንቀት ነው ብዬ አላምንም። ናቂ ሰው ሥራውን በዚህ ትጋት አይሠራም።

አምስተኛ፣ ድጋሚ እንዲለካልኝ በማመልከቻ ስጠይቅ ጽሕፈት ቤትዎ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ስለፈቀደልኝ ልዩ ምስጋና ይድረሰው። ያው ሦስቱ ባለሙያዎች፣ በያችው መኪና፣ ያንኑ ሜትር ይዘው መጡ። አርባ። ከዚያም «ግንባታው በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ ተመሳሳይ ውጤት ስለሰጠ የልኬቱ ትክክለኛነት ተረጋግጧል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ይህን ደብዳቤ መስታወት አስገብቼ ከሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ደንበኞቼ ልብሳቸው እስኪተኮስ ድረስ እያነበቡ ይስቃሉ፤ አንዳንዱም የሚተኮስ ልብስ ሳይኖረው ይመጣል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ በዚያ ሜትር የእርስዎን ሱሪ ብሰፋልዎት ምን ይመስልዎታል? መቶ ሴንቲ ሜትር ያልኩት ሰማንያ ስምንት ሆኖ፣ ቁርጭምጭሚትዎ ነፋስ ሲቀበል ይውላል። መጥተው ቢቆጡኝ ደግሞ ሁለተኛ በዚያው ሜትር ለክቼ ትክክለኛነቱን አረጋግጥልዎታለሁ።

ስድስተኛ፣ የጽሕፈት ቤትዎን ስልክ እናቴ በአሥራ አንድ የሥራ ቀናት አርባ ሦስት ጊዜ ደውላ፣ መስመሩ ጤነኛ መሆኑን፣ የታመመው አንሺው መሆኑን በሙያዋ አረጋግጣለች።

ሰባተኛ፣ ከቤቴ ማዶ ስላለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ። ቅናት አድርገው እንዳይወስዱብኝ እለምናለሁ። ሕንፃው ያማረ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው እኔ ደጃፍ ድረስ ይደርሳል፣ ባለሙያዎችዎም ደረጃዬን ሊለኩ ሲመጡ መኪናቸውን የሚያቆሙት በዚያ ጥላ ሥር ነው። በመግቢያው ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ምስክር ወረቀት ተለጥፏል፤ እንዲህ ያለው ሕንፃ ከመንገድ ዳር ሦስት ሜትር መራቅ እንዳለበት ይገልጽና፣ «በተደረገው ልኬት ልክ ሦስት ሜትር ሆኖ ስለተገኘ ደንቡን ያሟላል» ይላል። ባለፈው እሑድ ያልተመዘገበውን ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ጥበቃው አዲስ የደንብ ልብስ ሊለካልኝ ነው ብሎ ደረቱን ነፍቶ ቆመልኝ፤ ነገሩን ስነግረው ቅር ቢለውም ጫፉን ያዘልኝ። ሁለት ሜትር ከሰማንያ ስምንት። መመሪያችሁ ደግሞ ከሦስት ሜትር አንዲት ሴንቲ ሜትር ብትጎድል ምሕረት እንደሌለው ይናገራል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ኮፍያዬን አንሥቼ የማመሰግነው ሜትርዎን ነው፤ አያዳላም። ለእኔም ለባለ ፎቁም እኩል አሥራ ሁለት ጨመረልን። እኔ ዘንድ ትርፉ ጥፋት፣ እርሳቸው ዘንድ ትርፉ ሕጋዊነት ሆነ እንጂ ሜትሩ ምን አደረገ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል ነበር፤ በእኛ ሰፈር ግን አይጧ ምስክር ወረቀት ተሰጥቷታል። እኔ ፎቁ ይፍረስ አልልም፤ ሰው ለፍቶ የሠራውን ማፍረስ ምን እንደሚመስል ከሐሙስ ጀምሮ በቅርብ ላውቅ ነውና ለማንም አልመኘውም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሐሙስ በፊት ማንም ሰው፣ ከዜሮ በሚጀምር ሜትር፣ የእናቴን ደረጃ አንድ ጊዜ ይለካት። ሃያ ስምንት ካልሆነች መዶሻውን ይዤ የማፈርሳት እኔ ራሴ ነኝ።

ለዚሁ ተግባር እንዲሆን አዲስ የብረት ሜትር ገዝቻለሁ። ለጽሕፈት ቤትዎ በስጦታ ላበረክት አስቤ ነበር፤ ጉቦ ተብሎ ሌላ መዝገብ እንዳይከፈትብኝ ፈርቼ ከሱቄ በር ላይ በሚስማር ሰቅየዋለሁ። ሴንቲ በፈለጉ ጊዜ አውርደው ይጠቀሙ፤ ሲጨርሱ ይመልሱት። የመደገፊያውን ጥንካሬ መጠራጠርም አያስፈልግም። የማፍረሻ ማስጠንቀቂያውን በሬ ላይ ሲለጥፉ፣ በሩ ከፍ ስላለባቸው ደረጃዋ ላይ ቆመው በግራ እጃቸው የያዙት እርሱን ነው፤ ፎቶ አንሺው ባልደረባቸው ለማስረጃ ያነሡት ሥዕል በመዝገባችሁ አራተኛ ገጽ ላይ ይገኛል። በጣም አምሮባቸዋል።

በዚህ ሁሉ ረጅም ጽሑፍ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ። አክብሮቴ አነሰ ብለው ቅር ካልዎት በራስዎ ሜትር ያስለኩት፤ ካለው በልጦ እንደሚገኝ ጥርጥር የለኝም።

ታዛዥዎ፣ መንገዱ ዳር ያለው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ ሳነብላት በጽሞና ሰምታ ስታበቃ፣ ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ሠራተኞቹ ሳይደርሱ፣ እንደ ወትሮዋ ወደ ሱቅ እንደምትወርድ ነገረችኝ። ደረጃው ከፈረሰ በኋላ በምን ትመለሺያለሽ ብላት፣ እርሱን የሚያውቀው ያፈረሰው ነው አለች። እኔም ሰፈሩን ዞሬ ሳጣራ፣ ከመንገዱ እኩል የሆነ፣ አንድም ደረጃ የሌለበት፣ ሰፊ መግቢያ ያለው ቤት ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ ከሐሙስ አራት ሰዓት ጀምሮ እናቴ የእርስዎ እንግዳ ናት። ልብሷንና የጉልበቷን መድኃኒት በአንዲት ሻንጣ አዘጋጅታ ጨርሳለች፤ መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ነው፣ ማታ ማታ ሲነፍስ ደግሞ እግሯን የሚያለብሳት ሰው ያስፈልጋል።