በበቅሎ የተወራረድንባት ቢስክሌት

ሐሙስ ጥር ፭ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.፣ ጎሬ

ከጽሕፈት ቤት በጊዜ ወጣሁ። ግሪኩ ነጋዴ ጥሏት የሄደውን አሮጌ ቢስክሌት በአንድ እንስራ ማር ወሰድኋት። ቡና ነጋዴው ጋሼ ደርበው እንደ በቅሎ ገዢ ዞሯት፤ ጎንበስ ብለው ጥርስ ፈለጉ። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ላይ አገኙ። «አርጅታለች፤ ሦስቱ ወልቀዋል» አሉ። ቀጠሉና፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ገበያ ሰው ተሸክማ ከደረሰች በቅሎዬን ልግባ!»

አፌ ቀደመኝ። «እግሬ መሬት ከነካ የኔም ትግባ!»

ክርክራችንን የሰሙት የአገሩ ዳኛ ዋስ አስጠሩን። ለቅዳሜ ሳምንት። ያለችኝ በቅሎ አንዲት... ለሚስቴ ማን ይንገራት?

ዐርብ ጥር ፮

ነግረዋታል።

«መቱ ድረስ እናቴን በምን ሄጄ ልጠይቅ? ምላስህ ላይ ተፈናጥጬ?» አለች አስካለማርያም። ዝገቱን በአመድና በአሸዋ ፈተግሁ፤ ሰንሰለቱን ቅቤ ቀባሁ። «በዐርብ?!» አለች። ብረት መቼ ጾም ያውቅና...

ሰኞ ጥር ፱

ጎማው እንደ ቂጣ ተፈረፈረ። ኮርቻ ሰፊው ኦቦ ገመዳ ሳቁ። «ኩን ማሊ? ምንድን ናት? ሥጋዋ አልቆ አጥንቷ ቀርቷል!» እርጥብ የበሬ ቆዳ በገለባ ሞልተው መንኰራኩሮቹ ላይ ሰፉልኝ። ሲደርቅ ክርር አለ። ራሴን አመሰገንሁ።

ቅዳሜ ጥር ፲፬

አገር ምድሩ ወጣ። ወጣሁባት። እንደ ሰካራም ተንገዳገድሁ፤ ቀኝ እግሬ መሬት ሊስም ሲል... ውሾቹ! ቆዳው ያልለፋ መሆኑን እኔ ረሳሁ እንጂ የጎሬ ውሻ አልረሳም። ስድስት ይሁኑ ስምንት ማን ዞሮ ይቆጥራል? አንዱ የኋላውን ጎማ ሲነክስ እግሬን ማን መሬት ያሳርፍ! ገበያው መሀል በርበሬ ጆንያ ላይ ወደቅሁ። ግን ደረስሁ።

«ውሻ ነው ያስነዳው! አይቆጠርም!» አሉ ጋሼ ደርበው።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በቅሎስ ያለ አለንጋ ትሄዳለች? ያስረክቡ።»

እሑድ ጥር ፲፭

አስካለማርያም ከዚያ ዐርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «ደኅና አደርህ?» አለችኝ።

ማክሰኞ ጥር ፳፬

ጋሼ ደርበው በእግራቸው መጡ። ስለ ቡና፣ ስለ ዝናብ ሲያወሩ ቆዩና፣ «እስቲ አንዴ ልውጣባት?»

በቅሏቸውንም መለስሁላቸው። ደግነት አይደለም፤ አስካለማርያም «ሁለት በቅሎ ማን ያበላል?» ብላ ፈርዳለች።

ከሰዓት በኋላ አለማመድኋቸው። እሳቸው ከላይ፣ ነጠላቸው በጥርሳቸው ተነክሶ። የመንግሥት ጸሐፊው እኔ ከኋላ፣ ዱላ ይዤ ውሻ አባራሪ! ትንሽ እንደሄዱ መንገዳገድ ጀመሩ።

«ተዋቸው ገብረ ሥላሴ!» ብለው ጮኹ። «ይምጡ ውሾቹ! ካላባረሩኝ ልወድቅ ነው!»

ዱላዬን ጥዬ ውሾቹን ለቀቅሁላቸው።