ፎቶው ይግባ፣ ባለቤቱ ይቅር

ለክብርት ወይዘሮ ግሌኒስ ሃርትዊግ
የፖርት ዊላራ ከተማ ከንቲባ፣ የሣራችን ጠባቂ፣ የአጥራችን አዛዥ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በዓለም አቀፉ የጎልፍ ሊግ ውድድር ሰሞን ከክብር እንግዶች ድንኳን ወጥተው ፀሐይ ሲነካዎት ያየ ሰው ስለሌለ፣ በደህና እንደሚገኙ እገምታለሁ። እኛ በየሐሙሱ ጎልፍ የምንጫወት ሽማግሌዎችም ወገባችንና ጉልበታችን በፈቀዱልን መጠን ደህና ነን። እኔ ቤቨን ሽርመር ነኝ፤ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ስነዳ እርስዎ ከኋላዬ ተቀምጠው ሌሎቹ ልጆች የት እንደሚቀመጡ ያዝዙ ነበር። ሥልጣን ድንገት አልመጣብዎትም ለማለት ያህል ነው።

ይህን በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎት። ቢሮዎ በጻፍኩለት ቁጥር «መልእክትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» የሚል የማሽን መልስ ስለሚልክልኝ፣ እኔም ምስጋናን በምስጋና ልመልስ ብዬ ነው።

፩. ሜዳችንን ስላሻሻሉልን እናመሰግናለን። አባቶቻችን ከቆሻሻ መጣያነት በአካፋ ያወጡት የሕዝብ የጎልፍ ሜዳ ለዓለም ቴሌቪዥን የማይመጥን መሆኑን፣ የሊጉ ሰዎች መጥተው እስኪነግሩን ድረስ አናውቅም ነበር። እርስዎ ግን ወዲያው አመኑ፤ ክረምቱን ሙሉም አጠሩት። በአራተኛው ቀዳዳ መንገድ መሀል የቆመችውን፣ ከከተማችን በዕድሜ የምትበልጠውን ባሕር ዛፍ ካሜራ ትጋርዳለች ተብሎ አስቆረጧት። በስብሰባው ላይ ስንጠይቅዎት «ዛፍ እኮ ይበቅላል» ብለው አጽናኑን። እኛ እስኪበቅል ለመጠበቅ ተስማምተን ነበር፤ ያልተስማሙት ሐኪሞቻችን ናቸው።

፪. ስለ ሙዚቃው እናመሰግናለን። «ጎልፍ ወጣት መሆን አለበት» ብለው በየቀዳዳው ድምፅ ማጉያ አስተከሉ፤ ከሜዳው አጠገብ የምትኖረው የሜርል ትሬሎር ዶሮዎች እስከ ዛሬ እንቁላል በቅጡ አይጥሉም። እርግጥ ነው፣ ጎልፍ ድሮ የነበረው አይደለም። ጋዜጣው በየሳምንቱ ማን ከየትኛው ሊግ ወደየትኛው እንደኮበለለ፣ ማን ማንን እንደከሰሰ ይነግረናል፤ ኳሷ ቀዳዳ መግባት አለመግባቷን የሚጽፍ ግን ጠፋ። ሊቃውንቱ ደግሞ ዘንድሮ ኳስ ከልክ በላይ ርቆ ይሄዳል ብለው ይጨቃጨቃሉ። የእኔ ኳስ ከዚህ ክስ ነጻ ናት።

፫. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ስለ ኮል።

ኮል ትሬሎር፣ የሜርል ባል፣ የከተማውን ቧንቧ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ የመርሳት በሽታ ይዞታል። የልጆቹን ስም ያደባልቃል፤ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ሻይ አምጡልኝ ይላል። የጎልፍ ዱላ ሲጨብጥ ግን እጁ አንዳች የረሳው ነገር የለም። ሜዳው በታጠረ ጊዜ ሜርል «ዛሬ እረፍት ነው፣ ኮልዬ» እያለች ከአጥሩ ሥር ትመልሰው ነበር።

በውድድሩ ቅዳሜ እሷ ልብስ ስታሰጣ፣ እሱ አሮጌ ዱላውን ይዞ ውልቅ አለ። በረዶ የጫነ መኪና በኋላ በር ሲገባ አብሮ ገባ። ሜርል ደውላልኝ ተያይዘን ሮጠን ስንደርስ፣ ኮል አራተኛው ቀዳዳ መነሻ ላይ ኳሱን አስቀምጦ ቆሟል። ዙሪያውን ሕዝብ፣ ካሜራ፣ ጥበቃ ሞልቶታል።

«አባባ፣ እባክዎ ይውጡ! ውድድር ላይ ነን!» አለው ጥበቃው።

«እኛስ ምን ላይ ነን? ሐሙስ አይደለም እንዴ? ወረፋህን ጠብቅ እንጂ ልጄ።»

ጥበቃው ክንዱን ሊይዝ ሲል፣ ተራው የነበረ አንድ ረጅም የዴንማርክ ወጣት ተጫዋች መሀል ገባ። «ተዋቸው፤ ቀድመው የመጡት እሳቸው ናቸው» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ኮል ግን ወደ ድምፅ ማጉያው ዞሮ ተቆጣ።

«ኧረ ያንን ጩኸት የሚዘጋ ሰው የለም? ሰው ሊመታ ነው እኮ!»

ሙዚቃው ቆመ። ማን እንደዘጋው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ካገኘሁት ቢራ እጋብዘዋለሁ።

ኮል መታ። ኳሷ ወደ ግራ ወጣች፣ ከዚያ አየር ላይ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ታጠፈችና ሣሩ መሀል አረፈች። ዛፏን ዞራ ነው። የሌለችውን ዛፍ። ሕዝቡ ሜዳውን በጭብጨባ ሲያናውጠው ኮል አልሳቀም። ግንባሩን በእጁ ከልሎ ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና «ሜርል፣ ዛፏስ?» አላት።

ሜርል ክንዱን ይዛ ወደ ቤት መለሰችው። ክብርት ሆይ፣ እርስዎ «ዛፍ ይበቅላል» ከሚለው ሌላ መልስ ካለዎት ብትሰማው ደስ ይላታል።

፬. ለኮል ስላደረጉለት ክብር እናመሰግናለን። ያቺ ምት በቴሌቪዥን ዓለምን ከዞረች በኋላ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ፊቱን ግድግዳ በሚያህል ማስታወቂያ ላይ አውጥተው «ጎልፍ የሁሉም ነው» የሚል ጻፉበት። በዚያው ሰሞን፣ በእርስዎው ፊርማ፣ ያለ ፈቃድ ገብቶ ውድድር ስላወከ ለሁለት ዓመት ከሜዳው መታገዱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ሜዳው ሲከፈት ሜርል ነገሩ ስህተት ይሆናል ብላ ይዛው ሄደች።

«በጣም ይቅርታ እማማ፣ እሳቸው ታግደዋል» አላት በረኛው።

«ያ ከበላይህ የተሰቀለው የማን ፊት ነው ታዲያ?»

በረኛው ቀና ብሎ አየ። «የሳቸው ነው» አለ አፍሮ። «ያ ግን ማስታወቂያ ነው።»

ኮልም ቀና ብሎ አይቶ «ደስ የሚል ሰውዬ ነው። ማነው?» አለ።

ሜርል ይህን የነገረችኝ ሳታለቅስ ነው። ያስፈራኝም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኛ የሐሙስ ሰዎች ኮል ካልገባ አንገባም ብለን፣ ወይዘሮ ኢንግሪድ ኖስኬ በጎቿን የምታሰማራበት መስክ ላይ በቀዳዳ ፈንታ የማርማላታ ቆርቆሮ ቀብረን እንጫወታለን። «ሣሩን በጎቹ ያጭዱታል፣ ስድቡን እናንተ ታመጣላችሁ፤ ምን ቀረን?» ብላ ነው የተቀበለችን። በግ ኳስ ላይ ከተኛ በጉ እስኪነሳ ይጠበቃል። ኮል በየሐሙሱ ይመታል፣ ይስቃል፣ እኛንም ያሸንፈናል። ሜርል ግን ከአሮጌው ሜዳ በር ፊት ለፊት ላለማለፍ ወደ ገበያ በዙሪያ መንገድ ትሄዳለች።

ልመናችን አጭር ነው፦ ወይ ሰውየውን ያስገቡ፣ ወይ ፎቶውን ያውርዱ።

የመቁረጫ መጋዝዎ አይደንዝዝ፣ ድንኳንዎን ነፋስ አይንካው እያልኩ፣ ከበግ በረት ጎን ሆኜ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ የምነሳ፣

ታዛዥዎ ቤቨን ሽርመር

ማስታወሻ፦ ኮል ይህን ሁሉ ከነአካቴው ረስቶታልና ቂም ይይዝብኛል ብለው አይስጉ። የቀረነው ግን፣ ሐኪሞቻችን እንዳረጋገጡልን፣ የማስታወስ ችግር የለብንም። የከንቲባ ምርጫው በኅዳር ነው።